ቆመው ያልተለኩት እናት፦ ከምሥራቅ ጎጃም አንድ የዝቅተኛ ደም ግፊት ጉዳይ

ማክሰኞ ጧት ነው የመጡት። ዘመኑ 2011 ዓ.ም.፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። እኔ ያን ጊዜ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ነበርኩ። ስማቸውን አልጠቅስም። እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ያኔም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር። የ61 ዓመት እናት ናቸው። የደም ግፊት ክትትል ከጀመሩ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ታሪካቸውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እንዲያውም «ሌላዋ እንዳትወድቅ ጻፈው» ነው ያሉኝ።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ራሴን ያዞረኛል ልጄ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔን ጨለማ ይጋርደዋል። ጉልበቴም ከዳኝ።»

ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ለካኋቸው። 108 በ70። ካርዳቸውን ገለጥኩ። ከሦስት ወር በፊት የተጻፈው 156 በ92 ነበር። ደስ አለኝ። «እሰይ እማማ፣ ግፊትዎ እኮ ተስተካክሏል!» አልኳቸው። ድካሙ የጾም ነው፣ ሲያፈጥሩ ውሃ በደንብ ይጠጡ ብዬ ሸኘኋቸው። ከበር ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር። ሰበብ አላደርገውም፤ የነበረውን መናገሬ ነው።

ሦስት ነገር አጥፍቻለሁ። የልብ ምታቸውን አልቆጠርኩም። አስነስቼ አልለካኋቸውም። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው። 156 የነበረ ሰው በሦስት ወር 108 ላይ ሲገኝ «ምን አወረደው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር አስተያየሁት እንጂ ከሳቸው ከራሳቸው ጋር አላስተያየሁትም። መጽሐፉ ከ90 በ60 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ነው ይላል፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ለዓመታት ከፍ ባለ ግፊት የኖረ አካል 108ን እንደ ጎዶሎ ሊቆጥረው ይችላል። ለሌላ ሰው ግን 108 በጣም ጥሩ ቁጥር ነው።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤት ተሰበሰበ። «ደም ማነስ ነው» ተባለ። አንዷ ቡናው ላይ ጨው ጨምረሽ ጠጪ አለቻቸው። ልጃቸው ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄዶ ለደም ማነስ የሚሆን ብሎ ጠየቀ። የብረት ክኒን ሸጡለት። ማንም ምርመራ አላዘዘም፣ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ ንግግር ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ይጠራል። ሰው «ግፊት አለብኝ» ሲል ሁልጊዜ ከፍተኛውን ማለቱ ነው። ዝቅተኛው የራሱ ስም የለውም። ስለዚህ «ደም ማነስ» ውስጥ ይገባል። ደም ማነስ ግን የሄሞግሎቢን ማነስ ነው፤ ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን አነሰ ማለት ነው። ዝቅተኛ ግፊት ደግሞ ደሙ በስሮች ውስጥ የሚገፋበት ኃይል መቀነሱ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ይኖራል። ደሟ ሙሉ ሆኖ ግፊቷ 90 በ60 የሆነች ወጣት አለች። ሄሞግሎቢኑ አሽቆልቁሎ ግፊቱ ደህና የሆነ ሰውም አለ። ብዙ ደም ከሰውነት ሲፈስ ግን ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። እማማ ላይ ስሙ ገጠመ፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልጠየቀም። እኔንም ጨምሮ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ስግደት ላይ። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። ከጧት ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አልዞረም። የግፊት ክኒናቸውን ግን ሌሊት 11 ሰዓት በአንድ ጉንጭ ጠበል ውጠዋል። ከሃያ ስግደት በኋላ ቀና ሊሉ ሲሉ ወደቁ። ቅንድባቸው ተሰነጠቀ። ሰዎች ውሃ ረጩባቸው። ጥቂት ቆይተው ነቁ። አልተንቀጠቀጡም፣ ምላሳቸውን አልነከሱም፣ ሽንት አላመለጣቸውም። የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ የያዘው ስለሚመስለን ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድሞ ምልክት ሰጥቶ፣ ዓይን ጨልሞ፣ ላብ አጥምቆ ወድቆ ቶሎ መንቃት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ለአንጎል የሚደርሰው ደም ለአፍታ መቀነሱን ነው።

በባጃጅ አመጧቸው። ነጠላቸው ላይ ደም አለ። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። የዓይናቸውን ታችኛ ቆብ ገልጬ አየሁ፤ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ማክሰኞ ይህንን ለማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር።

አሁን በሥርዓቱ ለካሁ። አልጋ ላይ አስተኝቼ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ብርድ ስለሆነ አገሩ ሰው ሁሉ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ ነው የሚመጣ። ክንዳቸውን ገለጥኩ፤ በልብስ ላይ አልለካሁም። ክንዱን ከልብ እኩል ትራስ ላይ አስደገፍኩ። ክንድ ከልብ ከፍ ካለ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ይወጣል። ቀጭን ክንድ ላይ ሰፊ መጠቅለያ ሲታሰርም እንዲሁ። ተኝተው፦ 110 በ70፣ የልብ ምት 102። ቁስሉን ሸፍኜ፣ ልጃቸው በአንድ በኩል ነርሷ በሌላ በኩል ደግፈው አስነሷቸው። በአንደኛው ደቂቃ፦ 84 በ54፣ የልብ ምት 128። ከንፈራቸው ገረጣ። «ልጄ አስተኛኝ» አሉ። ሦስተኛውን ደቂቃ አልጠበቅሁም። አስተኛኋቸው፣ እግራቸውን ከፍ አደረግን።

ደንቡ ይህ ነው። ሰው ተኝቶ ከተለካ በኋላ ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከወረደ፣ ሲነሱ የሚወርድ ግፊት አለበት ይባላል። የእማማ የላይኛው በ26 ወረደ። ተቀምጠው ብቻ ቢለኩ ኖሮ ደግሜ ደህና ናቸው ልል ነበር።

ስንቆም ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። አንገት ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ያሉ ዳሳሾች ይህን ወዲያው ያውቃሉ። ልብ እንዲፈጥን፣ ስሮች እንዲጠብቡ ያዛሉ። ጤነኛ ሰው ነገሩን ሳያውቀው ያልፋል። ፎቅ ቤት የኖረ ሰው ሮቶ ያውቃል። ሮቶው ሲጎድል ምድር ቤት ውሃ ይወርዳል፣ ሦስተኛ ፎቅ ግን አይደርስም። ጭንቅላት ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ያ 128 የሚለው የልብ ምት ብዙ ነገረኝ። ግፊት ወርዶ ልብ በጣም ከፈጠነ፣ ዳሳሹም ነርቩም ይሠራል ማለት ነው፤ የጎደለው ፈሳሹ ነው። ወይ ደም ፈሷል፣ ወይ በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በላብ ውሃ ወጥቷል። ግፊቱ ወርዶ ልብ እምብዛም ካልፈጠነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ነርቭ ይሄዳል፤ ለረጅም ጊዜ ስኳር የነበረበት ሰው ላይ ይህ ይታያል። ወይም ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት እየወሰደ ይሆናል። ለዚህ ነው ግፊት ያለ ልብ ምት ግማሽ ወሬ ነው የምለው።

ታዲያ ፈሳሹ የት ሄደ? ጾሙ አለ። ሽንት የሚያበዛው ክኒን አለ። ሁለቱ ተደርበው ውሃቸውን አድርቀዋል ቢባል ያስኬዳል። ግን የነጣው የዓይን ቆብ አልገጠመኝም። ውሃ ብቻ የጎደለው ሰው እንዲያ አይነጣም።

«ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ እማማ?»

«የግፊቱን ብቻ ነው ልጄ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የደሙን።»

«ሕመም ማስታገሻስ? ለራስ፣ ለወገብ፣ ለጉልበት?»

ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። ቀስ ብለው ፈቱት። የታጠፈ አሥር ብር፣ የመስቀል ማተብ ቁራጭ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ክኒኖች። «ይኼ እንኳ መድኃኒት አይደለም። የጉልበት ነው።» ዲክሎፌናክ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ጧትና ማታ። አምስት ወር ሙሉ። ካርዳቸው ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ ምክንያቱም የጠየቅናቸው «መድኃኒት» ብለን ነው። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ካርድ አውጥተው የሚቀበሉት ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ልጅየው ባለበት አይጠየቅም። ውጭ ቆየን አልኩት። ነርሷ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ውጭ ሲወጡ ምን ይመስላል? «እንደ ተወቀጠ ኑግ ነው ልጄ። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። ሽታውም የሌላ ነው።»

የጎጃም ሰው ኑግ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ መግለጫ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ግን አንድ እንቅፋት አለ። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል። ስለዚህ ቀኑን ጠየቅን። ጥቁረቱ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ብረቱን የጀመሩት ረቡዕ። ደግሞ በብረት የሚጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ ጠጠር ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። የሚያጣብቅና መጥፎ ሽታ ያለው ጥቁር ግን ከጨጓራ ወይም ከቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ የፈሰሰ፣ መንገድ ላይ የተለወጠ ደም ነው።

ሌላውንም አላለፍነውም። ሙቀት 36.6፣ ትኩሳት የለም። ስኳር 94። የደረት ሕመም የለም፣ እስትንፋስ አልከበዳቸውም። ተቅማጥ የለም። ፈሳሽ የምንሰጥበት ሁለት የደም ሥር መስመር ከፈትን። ሰው ሁሉ ጉሉኮስ ይለዋል እንጂ የሰጠናቸው ጨዋማ ፈሳሽ ነበር። ያን ቀን የግፊት ክኒኑንም ዲክሎፌናኩንም አቋረጥን። በአምቡላንስ ሪፈር ሆነው ሄዱ።

ሆስፒታል ሄሞግሎቢናቸው 6.9 ሆኖ ተገኘ። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ትንሽ ከፍ ማለት ስላለበት 6.9 ለጮቄ ግርጌ ሰው የበለጠ ያስደነግጣል። የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂው፣ ከፍጥነቱ በቀር ደህና ነው። የኩላሊት ሥራ የሚታይበት ክሬአቲኒን 1.6፤ ኩላሊታቸው ተነክቷል። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። ካሜራ ባለው ቱቦ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ሲታይ የቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት ተገኘ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ተሕዋስም ነበረባቸው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ተጀመረ፣ ለተሕዋሱም ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ለ14 ቀን። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ካርዱን ስገጣጥም እንቅልፍ የነሳኝን ልናገር። እማማ ጥቅምት ላይ ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ ጀመሩ። የዚህ ዓይነት ማስታገሻ ጨው በሰውነት እንዲቆይ ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒትንም ጉልበት ያሳጣል። ታኅሣሥ ላይ ግፊታቸው 156 በ92 ሆነ። እኛ ምን አደረግን? የግፊት ክኒናቸውን ኢናላፕሪሉን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አደረግን፣ ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨመርን። ከፍ ያለውን ግፊት ያመጣው የጉልበቱ ክኒን ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን ክኒኑን አላየንም፣ ቁጥሩን አሳደድን። ከዚያ ያው ክኒን ቁስለት አስከተለ፣ ቁስለቱ ደማ፣ ጾሙ ውሃውን ቀነሰ፣ የጨመርነው መድኃኒት ደግሞ የወረደውን ግፊት ይበልጥ አወረደው። ኢናላፕሪል፣ ሽንት የሚያበዛ ክኒንና ዲክሎፌናክ ሦስቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የታወቀ ነው። የእማማ 1.6 ከዚያ ነው።

ዝቅተኛ ግፊት ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም። ከኋላው የሆነ ነገር አለ፣ ወይም ምንም የለም። ምንም የሌለበትን በቅድሚያ ልበል፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል። ቀጠን ያለች ወጣት፣ ደህና የምትበላ፣ የማያዞራት፣ ግፊቷ ሁልጊዜ 90 በ60 አካባቢ የሆነች፣ ጤነኛ ናት። ክኒንም ጨውም አያስፈልጋትም። እርግዝና ላይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ግፊት ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ግን ወር አበባዋ የቀረባት ወጣት በድንገት ሆዷን አሟት ብትወድቅ ሌላ ነገር ነው። ከማኅፀን ውጭ ያረፈ እርግዝና ፈንድቶ ሊሆን ይችላልና ያችን ልጅ አንድ ሰዓት እንኳ ቤት ማቆየት አይገባም።

ሌላው ምክንያት እንደየሰው ነው። ከደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የወረደ ጎልማሳ በሙቀቱ ስሮቹ ይሰፋሉ፣ በላብ ውሃና ጨው ያጣል፣ ይወድቃል። ለፕሮስቴት የሚሰጠው መድኃኒትና ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሲነሱ ግፊት ያወርዳሉ። የልብ ድካምና የተዛባ የልብ ምት አለ። ከባድ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲሰራጭ አለ። ከስሞ ቆይቶ የኩላሊት አናት ዕጢን የጎዳ ቲቢ አለ፤ ሰውየው ይከሳል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ጨው ያምረዋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ ከሁሉ ትቀድማለች። እሷ ላይ ግፊቱ የሚወርደው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው።

ሰው «ዝቅተኛው ይሻላል፣ አይገድልም» ሲል እሰማለሁ። መውደቁስ? እማማ የወደቁት ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ ነው። ምጣድ ላይ እንጀራ እየጋገሩ ቢሆንስ ኖሮ? በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር አልጋ ላይ ያስቀራል። ግፊቱ ወርዶ ከቆየ ደግሞ ኩላሊት፣ አንጎልና ልብ ይራባሉ። እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ ላብ ካጠመቀ፣ እስትንፋስ ከፈጠነ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ንግግር ከተዘበራረቀ፣ ሰገራ እንደ ኑግ ከጠቆረ፣ ቡናና ጨው መፈለግ ቀርቶ መኪና መፈለግ ነው። ጨው ደግሞ ግፊት ለነበረበት ሰው ለብቻው ጉዳት አለው። በእርግጥ ሐኪም መርምሮ ለአንዳንዱ ሰው ጨው ጨምር የሚልበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤት የሚያዝበት ግን የለም።

እማማ ከሆስፒታል ሲመለሱ ያስጨነቃቸው ቁስለቱ አልነበረም። ሆሣዕና ደርሷል። «ጾሙን አፈረስኩት» ብለው አለቀሱ። እኔ ስለ ጾም የምናገረው የለኝም። የንስሐ አባታቸውን ጠራን። መጡ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስለ ሕመሙ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የታመመ አይገደድም። መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ምግብሽን ብዪ» አሏቸው። እኔ አሥር ጊዜ ብናገር የማላመጣውን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ከጾም በፊት ባለው ሳምንት የግፊት ታካሚዎቻችንን ጠርተን የክኒናቸውን ሰዓትና መጠን እናይ ጀመር። በተለይ ሽንት የሚያበዛውን። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው።

ያም በእማማ ላይ ታየ። የግፊት መድኃኒት ሳይወስዱ በሁለተኛው ሳምንት 134 በ82 ነበሩ። በስድስተኛው ሳምንት 158 በ94። ከፍተኛ ግፊታቸው የትም አልሄደም፤ ደሙ ሲተካ ተመለሰ። አሁን አንድ መድኃኒት ብቻ ነው የሚወስዱት፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም። ክሬአቲኒናቸው 0.9 ገባ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ያገኛሉ። እንደ ዲክሎፌናክ አያስታግሳቸውም፣ ይህን አልደብቅም። መቋሚያ ይዘው ይሄዳሉ። ስግደቱን ተቀምጠው ያደርሳሉ።

ሐምሌ ላይ ለክትትል መጡ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ካርዳቸው ላይ ሁለት መስመር አስምሬ ነበር፤ አንዱ ለተኙበት፣ አንዱ ለቆሙበት። ተኝተው 136 በ82፣ ምት 74። ቁጥሩን ስጽፍ ስልኬ ጠራ፣ ተነስቼ ወጣሁ። ስመለስ እማማ ከአልጋው ወርደው፣ መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ክንዳቸውን ገልጠው ቆመዋል።

«ምነው ቆሙ እማማ?»

«ቆሜ አልለካም እንዴ?»

132 በ80። ምት 80።